ሉላገራዊነት፦ የጾም በርገር ሶሲዮሎጂ

«የጾም ነው የፍስክ?» ረቡዕ ወይም ዓርብ ቦሌ ላይ በርገር ያዘዘ ሰው ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት አይገርመውም። የጾም ካለ በሥጋው ፈንታ ሽንብራ ወይም አትክልት ይገባል፤ ፒዛው ያለ ቺዝ ይመጣል፤ ኬኩም ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የተጋገረ አለ። አስተናጋጁም ሆነ ተስተናጋጁ ነገሩን እንደ ብርቅ አይቆጥሩትም። የሶሲዮሎጂ ምሁራን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አውጥተውለታል፦ «ግሎካላይዜሽን»።

ቃሉ «ግሎባል»ን ከ«ሎካል» ጋር ያጋባ ነው። በሶሲዮሎጂ ውስጥ ቦታ ያስያዘው በዋናነት እንግሊዛዊው ሮላንድ ሮበርትሰን ሲሆን፣ በ1995 ባወጣው ጽሑፍ በሰፊው አብራርቶታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሥሩን ከጃፓን ይመዝዘዋል። «ዶቻኩካ» የሚለው የጃፓን ቃል መጀመሪያ የእርሻን ዘዴ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ማስማማትን ያመለክት ነበር፤ በኋላ ነጋዴዎቹ ወሰዱትና ሸቀጥን እንደየገበያው ጠባይ ማሰናዳት ማለት ሆነ።

ጊዜው ስለ ሉላዊነት (ግሎባላይዜሽን) የክርክር ጊዜ ነበር። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ አንቶኒ ጊደንስ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ሉላዊነትን የዘመናዊነት ውጤት አድርጎ አቅርቦታል። ሌላው ምሁር ጆርጅ ሪትዘር ደግሞ በ1993 ዓለም ሁሉ በፈጣን ምግብ ቤት ሥርዓት እየተቀረጸ ነው ብሎ ነገሩን «ማክዶናልዳይዜሽን» አለው። (ማክዶናልድስ ራሱ አዲስ አበባ አልገባም፤ ሥርዓቱ ግን ቀድሞት ገብቷል።) ሮበርትሰን የተቃወመው የክርክሩን መነሻ ነው። ሉሉ በአንድ ወገን፣ አገሩ በሌላ ወገን ተሰልፈው አንዱ ሌላውን ይውጠዋል የሚለውን ሥዕል አልተቀበለም። አገርኛ የምንለው ነገር ራሱ ዓለምን እያየ፣ በዓለም እየታየ ይሠራል ባይ ነው።

ታዲያ «ግሎካላይዜሽን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? «ግሎባላይዜሽን»ን ሉላዊነት ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ለአዲሱ ቃል ቅርብ የሆነው «ማላመድ» ነበር፤ የግብርና ባለሙያዎች ከውጭ የመጣን ዝርያ ለአገሩ አፈርና አየር ሲያበቁ የሚሉት ነው። ከጃፓኑ ቃል ጋርም ይገጥማል። ነገር ግን ማላመድ ውስጥ እንግዳና ባለቤት አለ፤ እንግዳው ይለወጣል፣ ባለቤቱ ግን እንደነበረ ይቀመጣል። ሮበርትሰን የሚለው ይህን አይደለም። ስለዚህ ድርጊቱን ማላመድ፣ ሁኔታውን ደግሞ «ሉላገራዊነት» ብንለው ይሻላል እላለሁ፤ ሉላዊና አገራዊ በአንድ ቃል። ለአፍ ትንሽ ይከብዳል፤ ይለመዳል።

ባለቤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ካልዲስ ኮፊን እንውሰድ። በ2004 ቦሌ ውስጥ ሥራ የጀመረ ካፌ ነው። ክብና አረንጓዴ ምልክቱ የሲያትሉን ስታርባክስ ያስታውሳል። ስታርባክስም ቢሆን ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው የኩባንያው ባልደረባ ሃዋርድ ሹልትስ በ1983 ሚላኖ ሄዶ የጣሊያኖቹን ኤስፕሬሶ ቤቶች ካየ በኋላ ነው። እኛም ማኪያቶን ከጣሊያን ወስደን «ወፍራም»፣ «ነጣ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ» እያልን የምናዝበት የራሳችን ቋንቋ አበጅተንለታል። እስከዚህ ድረስ ማላመድ ይበቃናል።

የካፌው ስም ላይ ስንደርስ ግን አይበቃም። ካልዲ፣ ፍየሎቹ ቡና በልተው ሲፈነጥዙ ያየው እረኛ፣ ከሁሉ ይልቅ የኛ የሚመስለው ክፍል ነው። ይሁንና የእረኛው ታሪክ አውሮፓ ውስጥ በጽሑፍ የታወቀው በ1671 ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ ሊቅ ነበር። እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም፤ ታሪኩም የሚፈጸመው የመን ነው። ካልዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቡናው በእርግጥ የኛ ነው፤ እረኛው ግን ዓለምን ዞሮ፣ ስም አውጥቶ የገባ ነው። ይህን ሐሰት ብሎ መጣል ነጥቡን መሳት ነው። ዛሬ ካልዲ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ኢትዮጵያዊ የሆነበት መንገድ ግን ሉላገራዊ ነው።

«ባህላዊ ምግብ ቤት»ም እንደዚሁ ነው። ቤቱ ሽሮ የሚበላ ሰው «ባህላዊ ምግብ በላሁ» አይልም፤ ራት በላሁ ነው የሚለው። ቦሌ ዮድ አቢሲኒያ ገብቶ መሶብ ከተቀመጠለት፣ መድረኩ ላይ የጎጃሙ እስክስታ፣ የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የኦሮሞው ጭፈራ ተራ በተራ ሲወጣለት ግን ያው ሽሮ ባህል ይሆናል። ተመልካች አግኝቷላ! ከተመልካቹ መሃል ቱሪስቱና ለዕረፍት የመጣው ዲያስፖራ ቢኖሩም፣ የልደት ኬክ ይዞ የገባው የገርጂ ቤተሰብም አይጠፋም።

የሰፈር ስም እንኳ ከዚህ አይወጣም። የአዲስ አበባው ሰፈር ሲኤምሲ ስሙ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስም ነው፤ ነዋሪው ከታቦቱ ጋር አጣምሮ «ሲኤምሲ ሚካኤል» ይላል፤ ማንም አይስቅም።

ሉላገራዊነትን የሚነቅፉትም አሉ። ሪትዘር በ2003 ተመልሶ መጣና ቃሉ ነገሩን አሳምሮ ያሳያል፣ ትርፍ ለማሳደግ በየአገሩ የሚገቡትን ኩባንያዎች ጉልበት ይደብቃል አለ። ይህ ነቀፋ ሚዛን ይደፋል። ስታርባክስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሱቅ የለውም፤ በይርጋጨፌና በሲዳሞ ስም ግን ለዓመታት ቡና ሸጧል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ ሲካረር ቆይቶ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። አገርኛ ስም በዓለም ገበያ ዋጋ ማውጣቱን ሉላገራዊነት በደንብ ያስረዳል። ከዚያ ዋጋ ውስጥ ለይርጋጨፌው ገበሬ ስንት ደረሰው ለሚለው ግን ቃሉ መልስ የለውም፤ እሱን ለማወቅ ወደ ኢኮኖሚ ባለሙያው መሄድ ያስፈልጋል።