ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ በአንድ ገበታ

በጉራጌ ምድር በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ የሚያድግ ብዙ ልጅ በቤቱ ጉራጊኛ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይሰማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ይህ ተማሪ የቋንቋውን ሕግ ለብቻው ይማር ወይስ ከሥነ ጽሑፉ ጋር አዋሕዶ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) ተከራክረውበታል።

በ1862 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ በአመዛኙ ተማሪዎች በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ከሚያገኙት የፈተና ውጤት ጋር አያያዘው። ከ1851 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር የነበረው ባለቅኔ ማቲው አርኖልድ ይህ አሠራር ማስተማርን ነፍስ የሌለው ልማድ ያደርገዋል ሲል ተቃወመ፤ ልጆችም መልካም ግጥም በቃላቸው እንዲያጠኑ አሳሰበ። በስኮትላንድ የአበርዲን መምህር የነበረው አሌክሳንደር ቤይንም በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የድርሰትንና የንግግር ጥበብን ሥርዓት በአንድነት አቀረበ።

ይሁን እንጂ ሰዋስውንና ግጥምን አስተባብሮ መማር ለሀገራችን እንግዳ አልነበረም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ እያወረደ፣ ርባታና አገባብ እያጠና፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በእስልምና ትምህርትም የዐረብኛ ሰዋስው የሆነው ነሕው በላጋ ከሚባለው የንግግር ጥበብ ጋር ተዛምዶ ይሰጣል። በጉራጌ የታወቀው አብሬትም መንዙማ ያልተለየው ስፍራ ነው። በሁለቱም ወገን ሕጉ የሚጠናው ለሥራ እንዲውል ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ዋና ስፍራ ሲይዝ የእንግሊዝ መጻሕፍትም አብረው ገቡ። ይህ ትምህርት በአገር ልጅ እጅ ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማየት ጉራጌ ያፈራቸውን ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን መጥቀስ ይበቃል። ደራሲው በመጀመሪያ የጻፉት በአፍ መፍቻቸው በቸሃ ነበር፤ ያም ድርሰት በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታተመ። ቀጥሎ «አፈርሳታ» የተሰኘውን ልቦለድ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጻፉ። የታሪኩ መነሻ የአንድ ገበሬ ቤት መቃጠልና ጥፋተኛውን ለማወጣጣት የሚቀመጠው የመንደር ሸንጎ ነው። በኋላም የቪክቶሪያ ዘመኑን ደራሲ የቻርልስ ዲከንስን በ1859 እ.ኤ.አ. የታተመ የሁለት ከተሞች ታሪክ ወደ አማርኛ መለሱ። እንግዳው ቋንቋ የመንደራቸውን ሸንጎ የሚተርኩበት መሣሪያ ሆነላቸው፤ አማርኛም ዲከንስን ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የዲከንስን ዘመን መጻሕፍት እንዳሉ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ ክፍሎች ማስገባት አይደለም። ተማሪው ያለፈ ጊዜ ግሥን ካጠና በኋላ ትናንት በገበያ ያየውን ቢተርክበት፣ ንጽጽርን ከተማረ በኋላ የእንሰት ተከላን ከጤፍ አዘራር ጋር ቢያመዛዝንበት ሕጉ ከአእምሮው አይጠፋም። ይህ እንዲሆን ግን የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለድርሰት የሚበቃ ክፍለ ጊዜ፣ ለመምህሩም የማረሚያ ፋታ ሊመድቡ ይገባል። ፈተናው ባዶ ቦታ መሙላትን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ መምህሩ ሌላ እንዲያስተምር መጠበቅ አይቻልም፤ የ1862ቱ ደንብ ያስከተለው ችግርም ይኸው ነበር።