ሆድ ያባውን ፊኛ ያወጣዋል

ምርጫ ሲቃረብ ፖለቲከኛ የማይነካቸው ነገሮች አሉ። የዳቦ ዋጋ አንዱ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሌላው ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሳም፤ የሾፌር እግር ነው። ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደሚረግጥ፣ ከመርገጡ በፊትም ስንት ብርጭቆ እንዳነሳ መጠየቅ ድምፅ ለሚለምን ሰው አይመከርም። ታዲያ በአራት ወንበር ብልጫ ብቻ የቆመ መንግሥት፣ ምርጫ ደጁን እያንኳኳ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቢነካስ? በእንግሊዝ አገር ሆኗል። ዛሬ የምናወጋው ስለሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጭን መስመር ላይ መራመድ

በእንግሊዝ ጠጥቶ በማሽከርከር የመጀመሪያው ተቀጪ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የ25 ዓመት የለንደን ታክሲ ሾፌር ነበር። በ1897 መኪናውን ከሕንፃ ጋር አላትሞ 25 ሽልንግ ተቀጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት 70 ዓመታት ነገሩ ብዙም አልተራመደም። ጠጥቶ መንዳት ወንጀል መሆኑን ሕጉ ይናገራል፤ "ጠጣ" የሚባለው ስንት ሲጠጣ እንደሆነ ግን አይናገርም። ፖሊስ ማስረዳት ያለበት ሰውየው መጠጣቱን ብቻ ሳይሆን፣ በመጠጡ ምክንያት መንዳት የማይችል መሆኑን ነው። ስለዚህ ሐኪም ይጠራል። ተጠርጣሪው መሬት ላይ በተሰመረ መስመር እንዲራመድ ይታዘዛል። ደንበኛዬ ሲፈጥረውም አረማመዱ እንዲህ ነው ብሎ መከራከር ደግሞ ለጠበቃ አይቸግርም። ፍርድ የሚሰጡት የሸንጎ አባላትም ብዙዎቹ ራሳቸው ሾፌሮች ስለነበሩ "ነግ በኔ" ማለታቸው አልቀረም።

ፍጥነቱም ያው ነበር። በ1930 የወጣው ሕግ፣ ማንም የማያከብረውን የ20 ማይል ወሰን ለቤት መኪኖች ጭራሽ አነሳው። በአራት ዓመቱ አገሩ ሐሳቡን ቀየረና ከ1935 ጀምሮ ከተማ ውስጥ የ30 ማይል (48 ኪሎ ሜትር) ወሰን ተመለሰ። ከከተማ ውጭ ግን መንገዱ የፈጣሪ ነው። በ1959 ኤም 1 የሚባለው ትልቁ አውራ ጎዳና ሲከፈት የፍጥነት ወሰን አልነበረውም። በሰኔ 1964 እነ ኤሲ ኮብራ ለሌ ማን ውድድር መኪናቸውን ሲፈትሹ፣ በዚሁ ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ በሰዓት 185 ማይል ነዱ። ወደ 298 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሕግ አልጣሱም። የሚጣስ ሕግ አልነበረማ!

መንዳት የማትችለው ሚኒስትር

በ1965 መኸር ጭጋግ ወረደ። በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ መኪና በመኪና ላይ እየተደራረበ ሰው አለቀ። የጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር ቶም ፍሬዘር ከታኅሣሥ 22 ቀን ጀምሮ ለአራት ወር ሙከራ የሚቆይ የ70 ማይል (113 ኪሎ ሜትር) ወሰን ጣለ። በማግስቱ ከቦታው ተነሳ። ወንበሩን የተረከበችው ባርባራ ካስል ናት፤ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር የመጀመሪያዋ ሴት። መንጃ ፈቃድ የላትም።

ይሄ ነገር ከዚያ በኋላ ከስሟ ጋር ተጣብቆ ቀረ። አንድ ጋዜጠኛ ሴት ነሽ፣ መኪናም አትነጂም፣ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ የሚል ጥያቄ አንስቶባታል። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን እናየዋለን። ስለ መንገድ ለመናገር መንዳት ግድ ከሆነ፣ እግረኛው አፉን ሊዘጋ ነው ማለት ነው። በ1966 በብሪታንያ መንገዶች ከሞቱት 7,985 ሰዎች ደግሞ ከሦስቱ አንዱ በላይ እግረኛ ነበር።

ካስልን ቅዱስ አድርገን ልንስላት አይደለም። ፖለቲከኛ ነበረች፤ ድምፅ እንዴት እንደሚገኝም አሳምራ ታውቃለች። በጥር 1966 በሃል ከተማ ማሟያ ምርጫ ነበር። መንግሥቱ በጥቂት ወንበር የቆመ ስለሆነ አንዲት ወንበር ብታመልጥ ጣጣ ነው። ካስል ወደዚያው ሄዳ በሐምበር ወንዝ ላይ ድልድይ እንደሚሠራላቸው ለመራጮቹ ቃል ገባች። ፓርቲዋ ሌበር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ድልድዩ ለትራፊክ የተከፈተው ግን በ1981 ነው።

እንግዲህ ድልድይ ሰጥታ ድምፅ የምትወስደው ይህችው ሚኒስትር ናት በዚያው ሰሞን ድምፅ የሚያባርር ረቂቅ ሕግ ይዛ የቀረበችው። ረቂቁ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል የተገኘበት ሾፌር፣ ቀጥ ብሎ ተራመደም ተንገዳገደም ጥፋተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ፖሊስ ያለ ምንም ምክንያት ማንኛውንም ሾፌር አስቁሞ ትንፋሹን መመርመር ይችላል።

ጩኸቱ ቀለጠ። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ልንከስር ነው አሉ። የአሽከርካሪ ማኅበራት የዜጋ ነፃነት ተደፈረ አሉ። ካስል ግደያ የሚዝቱ ደብዳቤዎች ደረሷት።

ምርጫው የበላው ረቂቅ

ከዚያ ምርጫው መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን በመጋቢት 1966 ምክር ቤቱን አስበተኑ። ምክር ቤት ሲበተን ያላለቀ ረቂቅ አብሮ ይሞታል፤ የካስልም ረቂቅ ሞተ። መጋቢት 31 ቀን ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። የ70 ማይሉ ወሰን በየመንገዱ ተተክሎ፣ የትንፋሽ ምርመራው ወሬ በየመጠጥ ቤቱ እየተወራ፣ ሌበር ከ630 ወንበር 363ቱን ወሰደ።

እንግሊዞች ለትንፋሽ ምርመራ ብለው ነው የመረጡት ልንል አንችልም፤ የመረጡት በደመወዝና በቤት ጉዳይም ነው። ግን አንድ ነገር ታይቷል። ሾፌሩን የነካ መንግሥት ይወድቃል የሚለው ፍርሃት በዚያ ምርጫ አልሠራም።

የታሪኩ አስገራሚ ክፍል የሚመጣው ከድሉ በኋላ ነው። ረቂቁ እንደገና ሲቀርብ ሁለተኛው አንቀጽ የለም። ፖሊስ ማስቆም የሚችለው መጠጣቱን ሲጠረጥር፣ የትራፊክ ጥፋት ሲያይ ወይም አደጋ ሲደርስ ብቻ ሆነ። መንግሥት በአራት ወንበር ብልጫ ያቀረበውን አንቀጽ በመቶ ገደማ ብልጫ ተወው! ብዙዎቻችን ድፍረት ከወንበር ብዛት የሚመጣ ይመስለናል። እዚህ ግን የገታው የወንበር ቁጥር አልነበረም፤ ንጹሑን ሰው ከመንገድ ማስቆም ፖሊስን ከሕዝብ ያጣላል የሚለው ክርክር ነበር። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ያለ ምክንያት የሚያስቆም ፖሊስ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይስቅበትም። ዋጋ ማስከፈሉ ግን አልቀረም፤ እንመለስበታለን።

ፊኛው

ሕጉ በግንቦት 1967 ጸደቀ። የ70 ማይሉ ወሰንም በዚያው ዓመት ቋሚ ሆነ። የትንፋሽ ምርመራው ጥቅምት 9 ቀን 1967 ሥራ ጀመረ። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ቢጫ ፍሬ ያለበት የመስታወት ቱቦና ጫፉ ላይ የተሰካ ፊኛ። ሾፌሩ በቱቦው በኩል ፊኛውን ይነፋል። ፍሬው ከተሰመረው በላይ አረንጓዴ ከሆነ ጉዞ ወደ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ደም ወይም ሽንት ይሰጣል። ጥፋተኛ ከተባለ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይነዳም። አባቶቻችን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እንግሊዞች ደግሞ ብቅሉን ራሱን የሚያወጣ ፊኛ አገኙ።

በመጀመሪያው ዓመት የሟቾቹ ቁጥር በ1,152 ቀነሰ። ሎረንስ ሮስ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ጉዳዩን ሲመረምር፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት፣ መጠጥ ቤት ከተዘጋ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ከባድ አደጋ መጀመሪያ ላይ በሁለት ሦስተኛ ገደማ መውረዱን አሳየ። ሰው መጠጣቱን ተወ ማለት አይደለም፤ ጠጥቶ መንዳቱን ፈራ።

ሮስ ሌላም ነገር አይቷል። ፍርሃቱ ከእውነታው ይበልጥ ነበር። ሾፌሮች ውለው አድረው የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን ሲረዱ ልባቸው ተመለሰ። ጠበቆችም ቀዳዳ አገኙ። አንዳንዱ ከአደጋው በኋላ ድንጋጤዬን ላበርድ ብዬ ነው የጠጣሁት እያለ ተከራከረ። በ1976 ብሌነርሃሴት የመሩት ኮሚቴ፣ ፖሊስ ሾፌሮችን የመመርመር ሰፋ ያለ ሥልጣን ይሰጠው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከአሥር ዓመት በፊት የወጣው አንቀጽ በጓሮ በር ሲመለስ ማለት ነው።

በ1970 ምርጫ ሌበር ተሸነፈ፤ የኤድዋርድ ሂዝ ወግ አጥባቂዎች መጡ። ፊኛውን ግን አልጣሉትም። የአንድ ሕግ ትልቁ ፈተና ይሄ ይመስለናል፤ ያወጣው ሲሄድ ይቆያል ወይ?

ባሕሩን ስንሻገር

ፈረንሳይ ነገሩን ገልብጣ ይዛው ነበር። አዲስ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ የትራፊክ ቅጣት በምሕረት መሰረዝ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ የምርጫ ዓመት ሲቃረብ የቅጣት ወረቀት ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ብልህነት ሆነ፤ ሕጉ ራሱ ጠብቅ ይላል። በ2002 ዳግም የተመረጡት ዣክ ሺራክ ምሕረቱን አጠበቡት፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 14 ቀን የመንገድ ደህንነትን ከሥልጣን ዘመናቸው ዋና ሥራዎች አንዱ አደረጉ። በ2003 መጸው የፍጥነት ካሜራ ተተከለ። በ2002 ከ7 ሺህ በላይ የነበረው የሟች ቁጥር በ2004 ከ6 ሺህ በታች ወረደ። በ2007 ኒኮላ ሳርኮዚ ምሕረቱን ጨርሶ እምቢ አሉ። ነገሩ ሁልጊዜ አይሰምርም፤ በ2018 የገጠር መንገዶች ወሰን ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ያስከተለው ቁጣ ከነዳጅ ታክሱ ጋር ተደምሮ ቢጫ ሰደርያዎቹን አደባባይ አወጣ፤ ካሜራዎቹም ተሰባበሩ።

ማን ነው የሚያመሰግነው?

ችግሩ የሂሳብ ነው። አንድ ዓመት እንዳይነዳ የተፈረደበት ሰው ማን እንደቀጣው ያውቃል፤ ምርጫ ሲደርስም አይረሳም። ከሞት የተረፈው ሰው ግን መትረፉን አያውቅም። እነዚያ 1,152 ሰዎች እሑድ ማለዳ ተነስተው ሻያቸውን ጠጥተዋል፤ የማንን ስም አንስተው ያመስግኑ? ማኅበር የላቸውም፣ ሰልፍ አይወጡም፣ ድምፃቸውንም ለይቶ የሚቆጥር የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ስለ ፍጥነትና ስለ መጠጥ ሕግ ስንከራከር ግን ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው መሪ የጨበጠው ሰው ነው። መሪ ያልጨበጥነው ብንበዛም ዝም እንላለን። የሚቀጥለው እጩ ተወዳዳሪ ደጃችን ሲመጣ፣ ስለ ድልድዩ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ፊኛው ብንጠይቀውስ?