ዝመናው የተቋረጠበትን የቤት ራውተር መልሶ ማስነሳት

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ባለ መኖሪያ ቤት፣ ራውተሩን የሚመራው ሶፍትዌር (ፈርምዌር) በመታደስ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መሣሪያው ላይነሳ ይችላል። ሆኖም የማስነሻው ፕሮግራም ተለይቶ ስለሚቀመጥ ብዙውን ጊዜ ከጉዳት ይተርፋል፤ ራውተሩንም ለመጣል መቸኮል አይገባም።

በቅድሚያ ከመሣሪያው ሥር የተለጠፈውን የሞዴልና የስሪት ቁጥር ተመልክቶ፣ ትክክለኛውን ፋይል በሞባይል ኢንተርኔት ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ኮምፒውተሩ በኬብል ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ፣ አምራቹ በወሰነው ስም የተሰየመውን ፋይል በቲኤፍቲፒ ፕሮግራም ያቀርባል፤ ለበርካታ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች የኮምፒውተሩ አድራሻ 192.168.0.66 ይሆናል። የሪሴት ቁልፍ እንደተጫነ ራውተሩ ሲበራ ፋይሉን ራሱ ይጭናል፤ እስኪጨርስም መጥፋት የለበትም።

ራውተሩ ከኢትዮ ቴሌኮም የተረከበ ከሆነ ግን፣ ከማናቸውም ሙከራ በፊት ወደ 994 ደውሎ ማሳወቅ ይገባል።