ዘረት፦ ሰነዱ ሳይገኝ መንደሩ ያውቀው የነበረ ዋሻ

በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ሰሜን ሸዋ ድረስ ሄዶ መንዝ አካባቢ የሚገኘውን የዘረት ዋሻ ጎበኘ። ወደዚያ የመራው ሮም ውስጥ ከወታደራዊ መዛግብት ያገኘው ሰነድ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ሰነድ አላስፈለገውም። ቦታውን «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል፤ እዚያ የሆነውንም ከወላጆቹ ሲሰማ ኖሯል።

ነገሩ የተፈጸመው ሙሶሊኒ «ኢትዮጵያን ያዝን፣ ጦርነቱ አበቃ» ብሎ ካወጀ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። አብዛኞቻችን የመርዝ ጋዝ ሲባል የሚታወሰን የ1928ቱ የሰሜን ግንባር ነው። ዘረት ግን 1931 ነው። የአበበ አረጋይ ተከታዮች በተሾመ ሽንቁጥ መሪነት ዋሻው ውስጥ ተከበቡ። ሚያዝያ 1 ቀን የጣሊያን ጦር የኬሚካል ክፍል ከአውሮፕላን ቦምብ የተቀዳ የሰናፍጭ ጋዝ ከገደሉ አናት በገመድ አውርዶ የዋሻው አፍ ላይ አፈነዳው። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። ጋዙን በ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነት ከልክሎታል፤ ጣሊያንም ፈርማለች።

ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሰብሮ ወጣ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል 800 ያህል ወንዶች በማግስቱ ንጋት ላይ እንደተረሸኑ ዶሚኒዮኒ ከሰነዱ ተነስቶ ጽፏል።

ውስጥ የነበረው ግን ታጣቂ ብቻ አልነበረም። ቁስለኛ፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ነበረበት። ኋላ ላይ ዋሻውን ያጠኑ የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ከሰው አፅምና ከጥይት ቀለህ ጋር የሸክላ ዕቃ፣ የስፌት ዕቃና የእህል ርዝራዥ አገኙ። ይህ የጦር ሰፈር ሳይሆን ጓዙን ጠቅልሎ የተሰደደ ቤተሰብ ጓዳ ነው። የአርበኞች ታሪካችን ፈረሱንና ጠመንጃውን ሲያወድስ ስንቅ የቋጠረችውን፣ ቁስለኛ ያስታመመችውን ሴት በአንድ መስመር ያልፋታል። ዘረት ላይ ጋዙ የወረደው በእሷም ላይ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ጉዳዩ ለአሥርተ ዓመታት ሲካድ ኖሯል። አንጄሎ ዴል ቦካ ማስረጃ እየደረደረ ሲከራከር፣ በጦርነቱ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ «ጋዝ የሚባል አላየሁም» ባይ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የጋዙን መጠቀም በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ ተረታ። ዶሚኒዮኒ ከአሥር ዓመት በኋላ ዘረት ሲደርስ አፅሞቹ እዚያው ዋሻው ውስጥ ነበሩ።