አርባ አንደኛው ልጅ
ትምህርት ቤት እንዴት ይታቀዳል?



የምዝገባው ወራት ሲደርስ በሮቫ ዩድ ቤትም ሆነ በሌሎቹ የአሽዶድ ሠፈሮች አዲስ የገቡ ቤተሰቦች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ክፍሉ ሞልቷል ተባልን፤ ታዲያ የእኛ ልጅ የት ይማር?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ትምህርት ቤት በማን እንደሚታቀድ፣ ለምን እንደሚሞላና ለምን እንደሚዘጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንንም ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳን ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

ከተነሣንበት አገር እንጀምር። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1908 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጅ አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ዓይን ይመለከተው ነበር። እየቆየ ግን የተማረ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራና ደመወዝ እንደሚያገኝ ሲታይ ጥርጣሬው ወደ ጉጉት ተለወጠ። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ፤ በ1961 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የወላጁና የተማሪው ፍላጎት ግን ከመንግሥት አቅም ቀድሞ ሄደ።

የ1974ቱ ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። የመንግሥቱ አጥኚዎች ገንዘቡንና የተማሪውን ቁጥር አመዛዝነው አንድ የትምህርት ማሻሻያ እቅድ አዘጋጁ። እቅዱ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት የሚሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለገጠሩ ልጅ የሚጠቅም ይመስላል። ወላጁና መምህሩ ግን «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ በሩ ሊዘጋበት ነው» ብለው ተረዱት። በየካቲት ወር መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። መንግሥት እቅዱን ለመተው ተገደደ፤ በዚያው ዓመትም ዘውዱ ወደቀ። የዘውዱ መውደቅ ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ግን ወላጅን ሳይጠይቁ የሚያወጡት የትምህርት እቅድ እንደማይጸና ነው።

በገጠሩ ሕይወት ልጅ ማለት የቤት የሥራ እጅ ነበር። ከብት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በአዝመራ ጊዜ አባቱን ያግዛል። በጎንደር ክፍለ ሀገር እንደ አምቦበር ባሉ መንደሮች ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ቢኖርም፣ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ለቤተሰቡ መሥዋዕትነት ነበር። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ትምህርት ቤትን «ከተገኘ የሚገኝ ጸጋ» አድርገን እያየን ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ መጠየቅ ይቻላል።

በእስራኤል የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው መንግሥቱ በተመሠረተ በዓመቱ በ1949 ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ገና ድሃ ነበር፤ ኦሊም በየማዕባራው ድንኳን ይኖሩ ነበር። ሕጉ በመጀመሪያ ከአምስት ዓመት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ያለውን ልጅ ብቻ ይመለከት ነበር። በ1968 ክኔሴት የትምህርቱን አደረጃጀት ሲለውጥ የመካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም ሐቲቫት ቤናይም ተቋቋመ፤ ዓላማውም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ልጆች አንድ ላይ እንዲማሩ ነበር። ከ1978 ጀምሮ ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል በነፃ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ ግዴታው ራሱ እስከ 12ኛ ክፍል እንዲደርስ ተወሰነ። ከ2012 ወዲህ የሦስት ዓመት ልጅም በጋን በነፃ ይማራል። እያንዳንዱ ለውጥ ከመምጣቱ በፊት ለልጆቻቸው ተጨማሪ ዓመት የፈለጉ ወላጆች ነበሩ።

የምንኖርባት አሽዶድ ራስዋ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1956 ስትመሠረት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ኦሊም ነበሩ። ከተማዋ በሮቫ በሮቫ ተከፋፍላ ታቀደች፤ ሐሳቡ እያንዳንዱ ሮቫ የራሱ ትምህርት ቤት፣ ጋንና ሱቅ እንዲኖረው ነው። በ1983 ከ65 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ በ1989 የሶቪየት ኅብረት በር ተከፈተ፤ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ገቡ። በ1995 የአሽዶድ ሕዝብ 125 ሺህ ገደማ ደረሰ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው ጋን ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንደኛ ደረጃው፣ ከዚያ ቲኾኑ ይሞላል። ልጆቹ አድገው ሠራዊት ሲገቡ ደግሞ ያው ሠፈር ያረጃል፤ ክፍሎች ባዶ ይቀራሉ። በአንዱ ሮቫ ክፍል ሲዘጋ በሌላው አዲስ ሕንፃ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። በእስራኤል ለረጅም ዘመን የአንድ ክፍል ከፍተኛ ቁጥር 40 ልጅ ነበር። ይህ ቁጥር መሠረቱ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው ራምባም፣ የታልሙድን ትምህርት ተከትሎ፣ 25 ልጅ በአንድ መምህር እንዲማር፣ ከዚያ እስከ 40 ሲደርስ ረዳት እንዲጨመር፣ ከ40 ሲያልፍ ግን ሁለት መምህር እንዲቆም ጽፏል። ስለዚህ 40 ልጆች ሲመዘገቡ አንድ የተጨናነቀ ክፍል ይሆናሉ። 41ኛው ልጅ ሲመዘገብ ግን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ 20፣ ሌላው 21 ልጅ ይይዛል። አንድ ልጅ በመጨመሩ አንድ ተጨማሪ መምህር ይመጣል ማለት ነው። በ2015 ወላጆች ልጆቻችን እንደ ሰርዲን ታጭቀዋል ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ መንግሥት በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ቁጥሩን ወደ 34 ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ይህም የመጣው ወላጅ ስለጠየቀ ነው።

እኛስ? በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የገቡት ልጆች በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም በመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ ተወሰነ። ወላጆች በነገሩ ብዙም አልተጠየቁም። በዚህ የተነሣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች የእኛ ልጆች ተከማቹ። ከፍ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ወደ ዓሊያት ሃኖዓር አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ብዙዎችም ሙሉ ባግሩት በማያስገኙ የሙያ ክፍሎች ተመደቡ። አንዳንዶቹ በዚያ መንገድ መኮንንና መምህር ለመሆን በቅተዋል፤ ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ወላጆች ቋንቋውን እየለመዱ ሲመጡ «ልጄ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማር፤ ባግሩትም ይፈተን» ማለት ጀመሩ። ዛሬ ባግሩት የሚያገኙት ልጆቻችን ከበፊቱ እጅግ በዝተዋል። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ በማግኘት ረገድ ግን ልዩነቱ ገና አልተዘጋም። በተለይ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃ ይወስናል፤ ይህም የሚጀምረው በሐቲቫ ነው።

በከፍተኛ ትምህርትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በ1925 የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት አገሩን ያገለግሉ የነበሩት እርሱና ቴክኒዮን ነበሩ። የደቡቡ ሕዝብ ሲበዛ በ1969 በቤር ሼቫ ዛሬ ቤን ጉሪዮን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1990ዎቹ ባግሩት የያዘው ወጣት ብዛት ከዩኒቨርሲቲዎቹ ቦታ ሲያልፍ፣ በየአካባቢው ዲግሪ የሚሰጡ ኮሌጆች፣ ሚኽላላ የምንላቸው፣ እንዲስፋፉ ተደረገ። የተማሪው ቁጥርም በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዛሬ የሳሚ ሻሙን የምሕንድስና ኮሌጅ እዚሁ አሽዶድ ቅርንጫፍ አለው። በኢትዮጵያም ቢሆን በ1990ዎቹ ጥቂት የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል።

ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። አቃጆች የሚቆጥሩት የሚያዩትን ልጅ ነው። ከመርከዝ ክሊታ ወጥታችሁ ወደዚህ ስትመጡ አድራሻችሁን በምስራድ ሃፕኒም ካላስለወጣችሁ ልጃችሁ የሚቆጠረው በቀድሞው ከተማ ነው። የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ብትመጡ 41ኛው ልጅ በጊዜው ስላልታየ ሁለተኛው ክፍል ሳይከፈት ይቀራል። ለልጃችሁ የተመረጠለት የትምህርት ደረጃ ባግሩት የሚያስገኝ መሆኑን ካልጠየቃችሁ ሌላ ሰው አይጠይቅላችሁም። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲሉ አሳድገውናል። ጨዋነቱን አንተውም። በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት ግን ዝም ያለ ወላጅ ልጁን ሳያስቆጥር ይመለሳልና፣ እዚያ ቦታ ላይ በትሕትና መናገር የልጅ አደራ ነው።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።