ከጋያ እስከ ቁም ሣጥን፦ የካናቢስ ታሪክና የሐኪሙ ጥያቄ

ካናቢስ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ከሚያውቃቸው ዕፅዋት አንዱ ነው። ግንዱ ለገመድና ለሸራ የሚሆን ቃጫ፣ ፍሬው ዘይት፣ አበባውና ቅጠሉ ደግሞ መድኃኒትና ስካር ሰጥተዋል። ያው አንድ ተክል በአንድ ዘመን በመድኃኒት መዘርዝር ውስጥ ተጽፎ፣ በሌላው ዘመን ከመዘርዝሩ ተፍቆ፣ በመጨረሻም ከፀሐይ ተሸሽጎ በመኖሪያ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት እስከ መብቀል ደርሷል። ይህ ጉዞ የጤና ባለሙያውን በቅርብ ይመለከተዋል። ተክሉ የሚበቅልበት ቦታ ሲለወጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር መጠንም ተለውጧልና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስም መመሳሰል የሚያስከትለው ችግር

በአገራችን ካናቢስ ጋንጃ፣ ሐሺሽ ወይም በደፈናው «ዕፅ» እየተባለ ይጠራል። በዚህ ላይ አጠፋሪስ ወይም አስተናግር የሚባለው፣ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው ዳቱራ አንዳንድ ጊዜ ከካናቢስ ጋር በአንድ ላይ ይቆጠራል። ሁለቱ ግን በዘርም በጠባይም አይገናኙም። ዳቱራ የአትሮፒንና የስኮፖላሚን ምንጭ ነው፤ የተመረዘበት ሰው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ አፉና ቆዳው ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሽንት ይይዘዋል፣ ይቃዣል። ካናቢስ የወሰደ ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፣ የጊዜ ስሜቱ ይዛባል፤ አልፎ አልፎም ከፍተኛ ፍርሃት ወይም ጥርጣሬ ይይዘዋል። በድንገተኛ ክፍል «ዕፅ ወስዶ ነው» ተብሎ የመጣን ሕመምተኛ ያየ ባለሙያ በቅድሚያ ሊለየው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ የዳቱራ መመረዝ ሕይወትን ሊቀጥፍ ይችላልና።

የበጌምድሩ ዋሻ ምስክርነት

ካናቢስ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቅርቡ ነው የሚል እምነት በሰፊው ይሰማል። የአርኪዮሎጂ ማስረጃው የሚናገረው ሌላ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በቀድሞው በጌምድር ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከዝነኞቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከተማ የተለየ ነው) ጄ. ሲ. ዶምብሮውስኪ ባካሄደችው ቁፋሮ ሁለት የሸክላ የጋያ ራሶች ተገኝተው ነበር። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ በውስጣቸው የተጋገረውን ጥቀርሻ በኬሚካል መርምሮ የካናቢስ ቅሪት ማግኘቱን በ1975 አሳተመ። ዕድሜያቸውም 1320 ግድም፣ 80 ዓመት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊል የሚችል ተብሎ ተገምቷል።

የዚህ ግኝት ክብደት የሚታየው ከትምባሆ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል በመሆኑ ከ1492 በፊት በአፍሪካ ሊጤስ አይችልም ነበር። እንግዲህ ጋያው ከትምባሆ ቀድሞ በኢትዮጵያ ደጋ ነበረ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ትምባሆ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ተቃውማዋለች፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም ማጨስን በጽኑ ከልክለዋል። ጋያው የቀረውና የተንቋሸሸው በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ነው።

ከመድኃኒት መዘርዝር ወደ ክልከላ

ካናቢስን ወደ ዘመናዊው ሕክምና ያስገባው በካልካታ ያገለግል የነበረው አይሪሻዊ ሐኪም ዊልያም ብሩክ ኦሾኔሲ ነው። በ1839 ባቀረበው ጽሑፍ ተክሉን ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለሩማቲዝም፣ ለኮሌራና ለሕፃናት መንቀጥቀጥ መሞከሩን ገለጸ። ተክሉ በ1850 በአሜሪካ የመድኃኒት መዘርዝር ተካተተ። ይሁን እንጂ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ኃይሉ ስለሚለያይና በውሃ ስለማይሟሟ መጠኑን መወሰን አስቸጋሪ ሆነ። መርፌ፣ አስፕሪንና ባርቢቹሬት ሲመጡ ሐኪሞች ቀስ በቀስ ተዉት፤ በ1942ም ከመዘርዝሩ ወጣ።

ዓለም አቀፉ ክልከላ ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር። በ1925 በጄኔቭ በተካሄደው የኦፒየም ጉባኤ የግብፅ ልዑክ ኤል ጊንዲ ሐሺሽ በሕዝባቸው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ዘርዝረው ተክሉ በቁጥጥር ሥር እንዲውል አስወሰኑ። በ1961 የወጣው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ነጠላ ስምምነት ይህን አጠናከረው፤ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። የሚያስደንቀው፣ ተክሉ ከተከለከለ በኋላ ነው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በትክክል የታወቀው። ጋኦኒና መሹላም የተባሉት የእስራኤል ተመራማሪዎች ቴትራሃይድሮካናቢኖልን ለይተው ያሳወቁት በ1964 ነው። በአንጎል ውስጥ የሚይዘው ተቀባይ በ1990፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው አናንዳማይድ በ1992 ታወቁ።

ሻሸመኔ

በዘመናችን በኢትዮጵያ የካናቢስ ስም ከሻሸመኔ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የዚህ መነሻ ሐኪሞችን በቀጥታ የሚነካ ነው። የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር በ1937 በኒው ዮርክ ያቋቋሙት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ነበሩ። ዓላማውም በፋሺስት ወረራ ለተጠቃችው ኢትዮጵያ የጥቁር ሕዝቦችን ድጋፍ ማሰባሰብ ነበር። ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ድጋፍ ምላሽ በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን በሚያዝያ 1966 ከጎበኙ በኋላ ራስተፈሪያውያን ወደዚያ መምጣት ጀመሩ፤ ለእነርሱ ካናቢስ የአምልኮ ክፍል ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ይዞታቸው እጅግ ጠበበ።

ይሁንና ለዕፁ ዝውውር አንድን ማኅበረሰብ ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ታሪክን ማሳጠር ነው። ተክሉ ከእነርሱ በፊት በአገሪቱ ነበረ። ዛሬም ፖሊስ በየጊዜው የሚያሳውቀው በየጓሮው ከሌላ አትክልት ጋር ተቀላቅሎ የተተከለ ካናቢስ በልዩ ልዩ አካባቢዎች መያዙን ነው።

ወደ ቁም ሣጥን

ካናቢስ ከሜዳ ወደ ቤት የገባው በክልከላው ግፊት ነው። በ1970ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ዕፁ በአብዛኛው ከሜክሲኮና ከኮሎምቢያ ይመጣ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥት ማሳዎቹን ፓራኳት በተባለው ፀረ አረም መርጨት ሲጀምር አጫሾች የተመረዘ ቅጠል ፈሩ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማብቀልም በረታ። በ1983 በዚያው ግዛት ማሳዎችን ከሄሊኮፕተር የሚያስስ ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ አብቃዩ ከሰማይ ወደማይታይበት ቦታ ሸሸ፤ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ጣሪያ ሥር፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ሣጥን።

ለዚህ ሦስት ነገሮች ተባበሩለት። የመጀመሪያው ለመንገድና ለፋብሪካ የተሠራው ኃይለኛ የሶዲየም መብራት ነው። ሁለተኛው ከአፍጋኒስታን የተወሰደው አጭርና ቁጥቋጦ መሳይ ዝርያ ነው፤ ለጠባብ ቦታ ተመቸ። ሦስተኛው ወንዱን ተክል አስወግዶ ሴቷን ብቻ ያለ ፍሬ ማሳደግ ነው፤ ያልተዳቀለች አበባ ሙጫዋን ታበዛለች። በኔዘርላንድስም ሕጉ በ1976 ለአነስተኛ መጠን ከላላ በኋላ ይኸው አሠራር ተስፋፋ።

ውጤቱ በቤተ ሙከራ ታየ። በአሜሪካ ከተያዙት ናሙናዎች የቴትራሃይድሮካናቢኖል መጠን በ1995 በአማካይ 4 በመቶ የነበረው በ2014 ወደ 12 በመቶ ደረሰ። በአንጻሩ የሚያሰክረውን ውጤት ያለዝባል የሚባለው ካናቢዲዮል እጅግ ቀነሰ። ጠባብ ቦታ ከጥቂት ተክል ብዙ ኃይል ማግኘትን አስገደደ፤ ቁም ሣጥኑ ዕፁን ራሱን ለወጠው ማለት ነው።

ለሐኪሙ ቁልፍ የሆነው ይህ ነጥብ ነው። በ1969 እና 1970 ለውትድርና የተመለመሉ 45,570 ስዊድናውያንን ለ15 ዓመት በተከታተለው ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የወሰዱት በስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነበር፤ ሌሎች ምክንያቶች ሲታሰቡ ወደ 2.3 ዝቅ ብሏል። ከአምስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በ2019 የታተመውና በአውሮፓና በብራዚል በ11 ቦታዎች የተካሄደው ጥናት ደግሞ ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ለሳይኮሲስ ያላቸው ተጋላጭነት ጨርሶ ከማይወስዱት ወደ 5 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል።

ሰባተኛና አማኑኤል

ይህ ታሪክ በመርካቶ አጠገብ ሰባተኛ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ለአገሬው ሰው በተለየ ሥፍራ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ የተቆረቆረ ነው። ሰባተኛም በገበያውና በአውቶቡስ ተራ አጠገብ በመሆኑ ለብዙ ዘመን መጠጥ ቤቱ፣ የአልጋ ክፍሉና የጫት መቃሚያው ተጠጋግተው የቆዩበት፣ መንገደኛና የቀን ሠራተኛ የሚያድርበት ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ቤቶቹ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ ለመፍጠር ከላይ ቆጥ የተሠራላቸው ነበሩ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይገለገላል።

እንዲህ ባለ ቤት የካሊፎርኒያው ቁም ሣጥን ሊኖር አይችልም። 600 ዋት የሚፈጅ አንድ መብራት በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ የቆጣሪው ተጋሪ ሳያውቀው አይቀርም። የተክሉም ሽታ በቆርቆሮ አይታገድም። በዚህም ምክንያት በጠባቡ ሰፈር የሚደበቀው ተክሉ ሳይሆን ሰውየው ነው። ዕፁ ከሌላ ቦታ በቅሎና ደርቆ ይመጣል፤ የሚወስደው ወጣት ግን ቆጥ ላይ ብቻውን፣ ብዙ ጊዜም ከጫትና ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ይወስደዋል።

ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመውና ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ይገኛል። በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሥልጠና እስከ ተጀመረበት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ጥቂት ሐኪሞችና ነርሶች የመላ አገሪቱን ሸክም የተሸከሙት እዚያ ነው። የሕመምተኛው ቤትና ሆስፒታሉ ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ በመካከላቸው ያለው ትልቁ ርቀት ዝምታ ነው።

የሐኪሙ ጥያቄ

የዝምታው ምክንያት ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 የአደንዛዥ ዕፅ ተክልን ማብቀልና ማምረትን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው የቁጥጥር መዘርዝር ቢያወጣውም፣ ተክሉ አሁንም በነጠላው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ የአገራችንም ክልከላ እንዳለ ነው። ስለዚህ «ምን ትወስዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሕመምተኛ ጥያቄውን ከፖሊስ ጥያቄ ለይቶ ለማየት ይቸገራል።

ሐኪሙ ይህን ሊለውጥ የሚችለው በአጠያየቁ ነው። ስለ ጫት፣ ስለ ሲጋራና ስለ አልኮል ከተጠየቀ በኋላ ስለ ካናቢስም በዚያው ድምፅ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ የሚነገረው ለሕክምና ብቻ እንደሚውል አስቀድሞ በመግለጽ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ስንት ጊዜ፣ ከስንት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ፣ ከምን ጋር የሚሉት ይከተላሉ። ተደጋጋሚ ትውከት ይዞት ሙቅ ውኃ ሲታጠብ ብቻ የሚሻለው ወጣት በካናቢስ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ማሰብም ለተደጋጋሚ ምርመራ የሚወጣውን ገንዘብ ያድናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የታየበትን ሰው ሳይጠይቁ መድኃኒት ጀምሮ መላክ ግን ሕመሙን ለድጋሚ ማሳደር ነው።

የምሥጢር ጠባቂነት ከሕክምና ጋር አብሮ የኖረ የሙያው መሠረት ነው። ተክሉ በዋሻም ይሁን በማሳ፣ በቁም ሣጥንም ይሁን በጓሮ ቢበቅል፣ ሰውየው የደበቀውን ሳይፈራ አውጥቶ የሚናገርበት አንድ ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ያም የምርመራ ክፍሉ ነው።