ከከሸፈ ፕሮጀክት ወደ ማረጋገጫ፦ የሰር ቶኒ ሆር የሙያ ጉዞ



ፎርማል ሜተድስ የምንለው፣ የፕሮግራምን ትክክለኛነት በሒሳባዊ ማረጋገጫ ለማሳየት የሚጥረው የጥናት ዘርፍ፣ ከተግባር የራቁ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ሥራ ተደርጎ ሲታይ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት የእንግሊዛዊው የሰር ቶኒ ሆር ታሪክ ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም። በዛሬው ንግግሬ የምሞግተው ይህን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆር በ1934 በኮሎምቦ፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ያጠኑት የጥንቱን የግሪክና የላቲን ሥነ ጽሑፍ ከፍልስፍና ጋር ነው። በባሕር ኃይል የግዴታ አገልግሎታቸው ሩሲያኛ ተማሩ፤ ቋንቋውም በኋላ በሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጠቀማቸው። በዚያ በኮምፒውተር ስለሚደረግ ትርጉም ሲያጠኑ፣ መዝገበ ቃላቱ በማግኔት ቴፕ ላይ በፊደል ተራ የተቀመጠ በመሆኑ፣ የሚተረጎመውን ዓረፍተ ነገር ቃላት አስቀድሞ በተራ መደርደር አስፈለገ። ክዊክሶርት የተባለው የመደርደሪያ አልጎሪዝም የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። በ1960 ኤሊየት ብራዘርስ በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጥረው ከሚታወቀው የፈጠነ ዘዴ አለኝ ቢሉ፣ አለቃቸው የለህም ብለው በስድስት ፔንስ ተወራረዱ፤ ተረቱም። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘገይበትም።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ከዚያ በኋላ በኩባንያው የሆነው ነው። ሆር የመሩት ቡድን ለአልጎል 60 ቋንቋ የሠራው ኮምፓይለር ተሳካ። ቀጥሎም ኤሊየት 503 ማርክ 2 ለተባለው ማሽን ሰፋ ያለ ሶፍትዌር ለማቅረብ ኩባንያው ቃል ገባ። የማስረከቢያው ቀን ተደጋግሞ ተራዘመ። በመጨረሻ አዲሱ ኮምፓይለር ሲሞከር በሴኮንድ ሁለት ፊደል ብቻ የሚያነብ ሆኖ ተገኘ፤ የቀድሞው አንድ ሺህ ያህል ያነብ ነበር። ማሽኑ ጊዜውን የሚያጠፋው በዋናውና በተጨማሪው ማኅደረ ትውስታ መካከል መረጃ በማመላለስ ነበር። ፕሮጀክቱ ተሰረዘ፤ አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሠራ ከሚያከናውነው ጋር የሚመጣጠን ድካምም አብሮ ቀረ። ሆር በ1980 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ብዙዎች ድላቸውን በሚዘረዝሩበት መድረክ ላይ ይህን ውድቀት በዝርዝር ተረኩ፤ ኃላፊነቱንም ለራሳቸው ወሰዱ። በእኔ ግምት የሙያ ሕይወታቸው መታጠፊያ ከክዊክሶርት ይልቅ ይህ ነው።

በ1968 በቤልፋስት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት፣ ከተማዋ በግጭት መታመስ በጀመረችበት ወቅት፣ ለፕሮግራም ሥራ የአክሲየም መሠረት የሚያኖረውን አጭር ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ቁራጭ ከመሠራቱ በፊት እውነት መሆን ያለበትንና ሲያበቃ እውነት የሚሆነውን መግለጫ እንጽፋለን። ከባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚቀንስ ትእዛዝን ውሰዱ፦ አስቀድሞ በሒሳቡ ያለው ገንዘብ ከሚወጣው የማያንስ ከሆነ፣ ከተቀነሰ በኋላ ሒሳቡ ከዜሮ በታች አይወርድም። ለሉፕ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ቢዞር ሳይፈርስ የሚቆይ መግለጫ መፈለግ ግድ ይላል፤ ተማሪ ሁሉ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ፕሮግራሙ በእርግጥ እንደሚያበቃ ግን አይናገርም፤ ያ ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

ሐሳቡ የሆር ብቻ ነበር ማለት ግን ታሪክን ማዛባት ነው። አለን ቱሪንግ በ1949 በፕሮግራም መሐል መግለጫ እያስቀመጡ ትክክለኛነቱን ማሳየት እንደሚቻል አቅርበው ነበር። ሮበርት ፍሎይድም በ1967 ይህንኑ በፍሰት ሥዕላዊ መግለጫ ላይ አከናውነዋል፤ ሆርም የፍሎይድን ውለታ በጽሑፋቸው አስታውቀዋል። የሆር ድርሻ ደንቦቹን ከሥዕሉ አንሥተው በራሱ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ ማኖራቸው ነው። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ስለ አክሲየም ከማውራት አልፈው፣ የፕሮግራም ስሕተት የጠፈር መንኮራኩርን ሊያሳጣ፣ አውሮፕላንን ሊጥል እንደሚችል ያነሣሉ። የሚናገሩት ሶፍትዌር ማስረከብ አቅቶት እንደሚያውቅ መሐንዲስ ነው።

በ1977 ወደ ኦክስፎርድ ተመለሱ። በ1978 በአንድ ጊዜ እየሠሩ መልእክት የሚለዋወጡ ሂደቶችን የሚገልጸውን ሥራቸውን አሳተሙ፤ ትራንስፒውተር የተባለው ማይክሮፕሮሰሰርና ኦካም የተባለው ቋንቋው ከዚህ ሐሳብ የመነጩ ናቸው።

ነገር ግን የፕሮግራም ኢንዱስትሪው ማረጋገጫን አልተቀበለም። ሆር በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሶፍትዌር ያለ ማረጋገጫ እንዴት ይህን ያህል አስተማማኝ ሊሆን ቻለ ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም በጥብቅ አመራር፣ በፍተሻ፣ ስሕተትን ተከታትሎ በማረምና ለጥንቃቄ ከሚያስፈልገው በላይ አድርጎ በመሥራት ውስጥ አገኙት። አንዳንዶች ይህን እጅ እንደ መስጠት ያነቡታል። እኔ አልስማማም። ሆር የሰበሰቡት ያልጠበቁትን ማስረጃ ነው፤ ከዚያም ተከተሉት። በ1999 ወደ ካምብሪጅ የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ገብተው የኢንዱስትሪውን አሠራር በቅርብ ሲያዩ፣ እሳቸው ለማረጋገጫ ያሰቧቸውን መግለጫዎች ፕሮግራመሮቹ በብዛት ይጽፏቸው ነበር፤ የሚጠቀሙባቸው ግን በፍተሻ ጊዜ ስሕተትን ለመያዝ ነበር።

ማረጋገጫው ራሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2009 በአውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ኤስ ኢ ኤል 4 የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ትክክለኛነት በኮምፒውተር በተፈተሸ ማረጋገጫ አሳዩ፤ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም አንዱ የሆር ሎጂክ ነበር። ፕሮግራሙ 8,700 ያህል መስመር ሲሆን ማረጋገጫው 200,000 ያህል መስመር ወስዷል። የጠየቀው ድካም አንድ ሰው በሃያ ዓመት ገደማ ከሚሠራው ጋር ይነጻጸራል። በኤሊየት የባከነው ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ።